ኢቡፕሮፌን ወይስ ፕሬድኒሶሎን? የእናቴ ጉልበት ጉዳይ

የደሴ ብርድ የእናቴን ጉልበት አይምርም። ዳገቱን ወጥታ ስትመለስ ያብጣል፤ ሲነኩት ይፋጃል። አንዷ ጎረቤት የሕመም ማስታገሻውን ኢቡፕሮፌን ትላለች፣ ሌላዋ ፕሬድኒሶሎን የተባለውን ስቴሮይድ። ቡናው ሦስተኛ እስኪደርስ ክርክር ነው።

የሁለቱ ልዩነት የሚገባን እብጠት እንዴት እንደሚነሳ ስናይ ነው። ሴሎቻችን ውስጥ ኤንኤፍ ካፓ ቢ የሚባል ፕሮቲን አለ። የታወቀው በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። በሰላሙ ጊዜ ሌላ ፕሮቲን ከኒውክለስ (ዲኤንኤው ካለበት የሴሉ እምብርት) ውጭ አስሮ ያቆየዋል። ጀርም ወይም ጉዳት ሲመጣ ማሰሪያው ይፈርሳል። ያኔ ኒውክለስ ውስጥ ገብቶ ዲኤንኤው ላይ ይቀመጥና የእብጠት ጂኖችን ይቀሰቅሳል። አንዱ ጂን ኮክስ 2 የተባለውን ኢንዛይም ያስገኛል፤ እሱ ደግሞ ሕመምና ትኩሳት የሚያመጣውን ፕሮስታግላንዲን ያመርታል።

ኢቡፕሮፌን የሚይዘው ኢንዛይሙን ነው፣ መጨረሻው ላይ። ትእዛዙ ግን ከላይ መውረዱን አያቆምም። ፕሬድኒሶሎን ወደ ላይ ይወጣል፤ ሴል ውስጥ ካለው ተቀባዩ ጋር ተጣምሮ ራሱን ኤንኤፍ ካፓ ቢን ያፍነዋል። ለዚህ ነው ጉልበተኛ የሆነው። ለዚህም ነው የመከላከል አቅምን አብሮ የሚያወርደው። የደም ስኳርም ይጨምራል። ለሳምንታት ወስደውት በድንገት ማቆም ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው።

ኢቡፕሮፌንም ቢሆን ጨጓራና ኩላሊት ይነካል፤ የእናቴ ጨጓራ ደግሞ ሰፈር ያወቀው ነው። ስቴሮይዱን ግን ያለ ሐኪም አላስነካትም።