ጉዱ ካሳ ወይስ ሰብለ ወንጌል?

ጳጉሜን ሲገባ በዓመቱ ያነበብኩትን መለስ ብዬ አያለሁ። ዘንድሮ ባሕር ዳር፣ ጣና ዳር ካለች አንዲት ሻይ ቤት ቁጭ ብዬ የሐዲስ ዓለማየሁን ልብ ወለድ «ፍቅር እስከ መቃብር»ን ደገምኩት። በ1958 ዓ.ም. የታተመ ነው፤ ታሪኩም የዚሁ የጎጃም። የዓመቱን ምርጥ ገጸ ባሕርይ ልምረጥ ስል ሁለት ሰዎች ልቤን ተሻሙት።

ጉዱ ካሳን የወደድኩት ተማሪ እያለሁ ነው። ሌላው አንገቱን በሚደፋበት ቦታ እሱ ይናገራል። የፊታውራሪ መሸሻ ዘመድ ሆኖ ሳለ የመኳንንቱን ሥርዓት ይነቅፋል። አገሬው እብድ ይለዋል፤ ሳነበው ግን ጤነኛው እሱ ነው። ንግግሩ ጮክ ተብሎ ሲነበብ ደግሞ ይበልጥ ይጥማል።

ሰብለ እንደሱ ብዙ አትናገርም። ድሮ ለዚህ ነው ሳላስተውላት ያለፍኳት። አሁን ግን ዝምታዋ ከበደኝ። አባቷ ፊታውራሪ መሸሻ ለዘሯ የሚመጥን ባል ሲያማርጡ ዕድሜዋ ይሄዳል። እሷ ግን ያስተማራትን የድሃ ልጅ፣ በዛብህን ወደደች። ኋላም ያን ሁሉ ድሎት ትታ እሱን ፍለጋ ወጣች። ካሳ ሥርዓቱን በአንደበቱ ሞገተ፤ ሰብለ ጥላው ሄደች። ያን ክፍል ሳነብ ሻዬ ሳልነካው ቀዘቀዘ።

ስለዚህ ዘንድሮ ሰብለን መርጫለሁ። ካሳ ይቅር ይበለኝ፣ አሁንም እወደዋለሁ።

ለአዲሱ ዓመት የዚሁ የሐዲስ ዓለማየሁ «ወንጀለኛው ዳኛ» ጠረጴዛዬ ላይ ተቀምጧል። መስቀል ሳይደርስ እጀምረዋለሁ።