እናቴን ከሶፋ ጉድጓድ ላወጣችልኝ ልጅ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። እንዲህ ያለ ነገር ጽፌ አላውቅም፤ ሶፋ ስመርጥ ያማከረችኝን ልጅ ሳላመሰግን ባልፍ ግን ይቆጨኛል። በተለይ አባዶ፣ አያት፣ አራብሳ፣ ዳር ዳሩን የምትኖሩ የኮንዶሚኒየም ሰዎች አንብቡልኝ።

እማዬ ለቤት የተመዘገበችው በ1997 ዓ.ም. ነው። ስንት ዓመት ጠብቃ የካ አባዶ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ባለ አንድ መኝታ ደረሳት። ከቀበሌ ቤት ስንወጣ «እኔም እንደ ሰው እንግዳ የማስቀምጥበት ይኑረኝ» አለችኝ። ዕቁቤ ሲወጣ በቀጥታ ሶፋ ቤት ሄድኩ።

የሶፋ ቤቱን ስም አልጠራም፤ ራሳቸውን ያውቃሉ። ግማሹን ቀብድ ተቀብለው «በ20 ቀን» ያሉኝ ሶፋ በስንት ጭቅጭቅ በሦስተኛው ወር መጣ። ኤል ሼፕ (ጥግ ይዞ የሚታጠፍ)፣ ነጭ፣ በስልክ ፎቶ አይቼ የወደድኩት። ሁለተኛ ፎቅ መታጠፊያው ላይ ተቀረቀረ። ጫኝና አውራጆቹ «ካልጨመርሽ» ብለው ደረጃው ላይ ቁጭ አሉ፤ ጎረቤት በሥሩ እየሾለከ ያልፋል፤ እኔ በሀፍረት ልሞት ነው። በመጨረሻ በገመድ ተጎትቶ በበረንዳ ገባ፣ ጎኑ ተቀድዶ። ስደውል «ከተረከብሽ በኋላ አይመለከተንም»።

በአራት ወሩ ስፖንጁ ሟሸሸ። እማዬ ጉልበቷን ያማታል፤ ስትቀመጥ ትሰምጣለች፣ እጇን ይዤ ጎትቼ ነው የማስነሳት። ሥራ ስውልስ ማን ይጎትታት? አንድ ቀን ማታ ስገባ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ አገኘኋት። ያን የሚያህል ሶፋ ከኋላዋ ተገትሮ! «መሬቱ ይሻለኛል» አለችኝ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ለሶፋ ይለቀሳል ወይ እንዳትሉኝ።

መሀል ላይ አንድ «ዲኮር እሠራለሁ» የሚል ሰውም ጠርቼ ነበር። ስለ ሶፋ ስጠይቀው ቀና ብሎ ኮርኒሱን አየና «ይሄን ጂብሰም እናድርገው» አለኝ። ሸኘሁት።

ይህችን ልጅ ያገናኘችኝ የሥራ ባልደረባዬ ናት። በክረምት፣ በዚያ ጭቃ፣ ከመገናኛ በታክሲ መጣች። ቤት ከመግባቷ በፊት የደረጃውን መታጠፊያዎች አንድ በአንድ ለካች። ገብታ ቡና ከጠጣች በኋላ ስለ ቀለም ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ ወደ እማዬ ዞረች።

«እማማ፣ እዚህ ቤት የትኛው ላይ ሲቀመጡ ነው ሳይቸገሩ የሚነሱት?»

እማዬ ጥግ ላይ ያለውን የአባቴን የእንጨት ወንበር አሳየቻት። ነፍሱን ይማረውና አባቴ ማታ ማታ ሬዲዮኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ዜና የሚሰማው እዚያ ላይ ነበር። ቤት ስንቀይር ልጥለው ስል እማዬ አላስነካም ብላ ነው የመጣው። ልጅቷ ተንበርክካ ከወለሉ እስከ መቀመጫው ለካች፤ 46 ሳንቲ ሜትር። ቀጥሎ እማዬን ሶፋው ላይ አስቀምጣ ለካች፤ 33። ሜትሩን ዘርግታ ልዩነቱን በጣቷ እያሳየች «እማማ፣ ጥፋቱ የጉልበትዎ ብቻ አይደለም» አለቻት።

እማዬ እኮ እርጅና ነው ብላ ተቀብላው ነበር! ያቺን አንድ ቃል እስክሞት አልረሳትም።

ከዚያ ወለሉ ላይ ፕላስተር እየለጠፈች አዲሱ ሶፋ የሚያርፍበትን አሳየችን፤ እማዬን ረከቦቱን ይዛ በመሀሉ እንድታልፍ አደረገቻት። ለካ ኤል ሼፑ የቡናውን ቦታ በልቶት እስከዛሬ ወጥ ቤቱ በር ላይ ነበር የምናፈላው። በመጨረሻ አንድ ባለ ሦስት ሰውና ሁለት ነጠላ ተመረጠ፤ መደገፊያው ጠንካራ፣ እግሩ ከፍ ያለ፣ ቡናማ፣ ልብሱ በዚፕ ወልቆ የሚታጠብ። አቧራችንንና ውሃችንን የምታውቁ ይገባችኋል። ስለ ስፖንጁ ዴንሲቲ፣ ስለ እንጨቱ አደራረቅም አስረድታኛለች፤ እውነቱን ልናገር፣ አንዱም አልገባኝም።

የሚገዛበት ቦታም አብራኝ ሄደች። ሶፋውን ገልብጣ የታችኛውን ጨርቅ አስከፍታ እንጨቱን ስታይ ሠራተኛው አጉረመረመ፤ እሷ ምንም አልመሰላት። ሻጩ ለሷ ያሰበውን ኮሚሽን «ከዋጋው ላይ ቀንስላት» ስትለው በጆሮዬ ሰማሁ። እንዲህ ያለ ሰው ዛሬ አለ?

ሶፋው እግሩ ተፈትቶ ያለ ምንም ጣጣ በደረጃው ወጣ። እማዬ ተቀመጠች፤ ተነሳች። ደግማ ተቀመጠች፤ ማንንም ሳትይዝ ተነሳች። «አየሽኝ?» አለችኝ።

ወገኖቼ፣ ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት እባካችሁ ይህችን ልጅ አማክሯት። ደግሜ እላለሁ፣ ከመክፈላችሁ በፊት! ብቻዋን ስለምትሠራ ስልክ ይበዛብኛል ብላ ስሜን አትጻፊ ብላኛለች፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።

አንቺም ይህን ካነበብሽ፣ እማዬ ቅዳሜ ቡና አፈላለሁ ብላለች። እንዳትቀሪ።