ፐርፕልኤር የአየር ጥራት ሴንሰር፦ ለአዲስ አበባ ኔትወርክ ይበጃል?

የአየር ብክለት መከታተያ ኔትወርክ ለመዘርጋት የሚያስብ የዩኒቨርሲቲ ትምህርት ክፍል፣ ትምህርት ቤት ወይም የሰፈር ማኅበር መጀመሪያ የሚደርስበት ስም አብዛኛውን ጊዜ ፐርፕልኤር ነው። ኩባንያው እ.ኤ.አ. በ2015 በአሜሪካ ዩታ ግዛት የተመሠረተ ሲሆን፣ ሥራውን ያስጀመረው ከጠጠር ማውጫ የሚነሳ አቧራ ነበር። አቧራ የሚለውን ቃል ያዙት፤ የመሣሪያው ትልቁ ድክመት እዚያው ላይ ነው። ፍርዳችንን ግን አስቀድመን እንናገር፦ የጭስ ብክለትን በብዙ ቦታ በአንድ ጊዜ ለመከታተል በዚህ ዋጋ (እንደ ሞዴሉ ከ200 እስከ 300 ዶላር ገደማ) ጥሩ ግዢ ነው። አንድ ብቻ ገዝቶ በረንዳ ላይ ሰቅሎ፣ ያወጣውን ቁጥር እንዳለ ለማመን ለሚፈልግ ግን አንመክረውም።

የገመገምነው ክላሲክ የሚባለውን ሞዴል ነው። ከታች ክፍት በሆነው ነጭ ፕላስቲክ ውስጥ ሁለት የፕላንታወር ፒኤምኤስ 5003 ሌዘር ሴንሰሮች፣ ሙቀት፣ እርጥበትና የአየር ግፊት የሚለካ የቦሽ ቢኤምኢ 280፣ እንዲሁም ዋይፋይ ያለው ኢኤስፒ 8266 ቺፕ አሉ። የእያንዳንዱ ሴንሰር ትንሽ ፋን አየር ይስባል፣ ሌዘሩ ብናኙ ላይ ያርፋል፣ የተበተነውን ብርሃን አንድ ዳሳሽ ያነባል። እዚህ ላይ የሚሳሳት ብዙ ነው፦ መሣሪያው ብናኝ አይመዝንም። ከተበተነው ብርሃን ተነስቶ የብናኙን ቁጥር ይገምታል፣ ከቁጥሩም ክብደቱን ያሰላል። የሚያወጣው ፒኤም 2.5 (ስፋቱ ከ2.5 ማይክሮን፣ ማለትም ከ2.5 የሚሊሜትር ሺህኛ የማይበልጥ ደቃቅ ብናኝ መጠን) የግምት ግምት ነው ማለት ነው። የማስተካከያ ቀመር የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ሁለት ሴንሰር ጎን ለጎን መሆኑ ከሌሎች ርካሽ መሣሪያዎች የሚለየው ዋናው ብልጫ ነው። ቻናል ሀ እና ቻናል ለ ብንላቸው፣ ሁለቱ ከተስማሙ ንባቡ ይያዛል፤ ካልተስማሙ ይጣላል። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ ኤጀንሲ ተመራማሪዎች የተጠቀሙበት መለኪያ ይህ ነው፦ የ24 ሰዓት አማካዮቹ ልዩነት ከ5 ማይክሮግራም በሜትር ኩብ በላይ ከሆነ፣ በመቶኛ ሲሰላም ከ61 በመቶ ካለፈ፣ የዚያ ቀን ዳታ ይወጣል። ሁለቱም ሁኔታዎች አንድ ላይ መሟላት አለባቸው፤ አየሩ ንጹሕ በሆነበት ቀን 2 እና 4 የሚሉ ቻናሎች በመቶኛ ብዙ ቢራራቁም ዳታው ደህና ነው። አንዱ ቻናል ቀንና ሌሊት ሳይወርድ ከፍ ብሎ ከቆየ፣ አብዛኛውን ጊዜ ውስጡ ሸረሪት አድርቷል ወይም ነፍሳት ገብተዋል። ከዜሮ አልነሳም ካለ ፋኑ ቆሟል ወይም ኬብሉ ላልቷል። ለካሜራ ማጽጃ በሚሸጠው የጎማ መንፊያ ቀስ ብሎ መንፋት ብዙውን ችግር ይፈታል። ካልተፈታ ፒኤምኤስ 5003 በሶኬት የሚሰካ ስለሆነ ብየዳ ሳያስፈልግ ይቀየራል። አምራቹ የሴንሰሩን ዕድሜ 3 ዓመት ይለዋል፤ በጀት ስትይዙ የመለወጫውን ዋጋ ከመጀመሪያው ጨምሩ።

አሁን ወደ ቀመሩ። መሣሪያው ለአንድ ብናኝ ሁለት ዓይነት ቁጥር ይሰጣል፤ አንዱ ሲኤፍ 1፣ ሌላው ኤቲኤም ይባላል። አየሩ ብዙ ባልተበከለበት ጊዜ ሁለቱ እኩል ናቸው፤ ብክለቱ ሲጨምር ኤቲኤም ወደ ሲኤፍ 1 ሁለት ሦስተኛ ይወርዳል። የትኛውን እንዳወረዱ ሳያውቁ ቀመር ማስገባት በተማሪዎች ሥራ ላይ ደጋግሞ የሚታይ ስህተት ነው። ኤጀንሲው እ.ኤ.አ. ከ2020 ጀምሮ ለእሳትና ጭስ ካርታው የተጠቀመበት ቀመር የሚሠራው በሲኤፍ 1 ነው፦

የተስተካከለ ፒኤም 2.5 = 0.524 × የሁለቱ ቻናሎች አማካይ − 0.0862 × የእርጥበት መቶኛ + 5.75

አማካዩ 60፣ እርጥበቱ 50 በመቶ ቢሆን ውጤቱ 32.9 ይሆናል። በግማሽ ገደማ ወረደ ማለት ነው። እርጥበቱን ከሚቲዮሮሎጂ ጣቢያ ሳይሆን ከራሱ ከመሣሪያው ውሰዱ፤ የሳጥኑ ውስጥ ከውጭው አየር ይሞቃል፣ ይደርቃልም፣ ቀመሩም የተሠራው ያንኑ ንባብ ይዞ ነው። ሲኤፍ 1 ከ343 ካለፈ ይህ ቀመር ከእውነተኛው በታች ስለሚያወጣ ኤጀንሲው ለከባድ ጭስ የተለየ ስሌት አለው።

ችግሩ ይህ ቀመር የተወለደው በአሜሪካ አየር መሆኑ ነው። ፐርፕልኤር በካርታው ላይ ሌሎች ማስተካከያዎችም አሉት፤ አንዱ የዩታ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በሶልት ሌክ ሸለቆ የቀዝቃዛው ወቅት ጭጋግ የሠሩት፣ ሌላው በኦሪገን የእንጨት ምድጃ ጭስ ላይ የተመሠረተ ነው። አንድን ንባብ በእነዚህ ብታስገቡት የተራራቁ ውጤቶች ታገኛላችሁ፣ ምክንያቱም የጥቀርሻ፣ የማገዶ ጭስና የሌላው ብናኝ መጠን፣ ቀለምና ክብደት አንድ አይደለም። ከሰል፣ ማገዶ፣ ያረጀ ናፍጣ መኪናና የሚቃጠል ቆሻሻ የሚደባለቁበት የአዲስ አበባ አየር የራሱ ቀመር ያስፈልገዋል። እስኪሠራ ድረስ የአሜሪካውን እንደ ጊዜያዊ መነሻ መጠቀም ይቻላል፤ በሪፖርቱ ላይ የትኛው ቀመር እንደገባ ግን በግልጽ ይጻፍ።

አቧራ ላይ ደግሞ ምንም ቀመር አያድነውም። ፒኤምኤስ 5003 ከአንድ ማይክሮን ብዙ የሚበልጠውን ብናኝ በቅጡ አያየውም፤ ፒኤም 10 (እስከ 10 ማይክሮን ያለው ብናኝ) ብሎ የሚያወጣው ቁጥር በአብዛኛው ከትንንሾቹ ብናኞች ተነስቶ የተሰላ ነው። የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2023 ባወጡት ጥናት የኤጀንሲው ቀመር በአቧራ ጊዜ ፒኤም 2.5ን ከ5 እስከ 6 እጥፍ አሳንሶ እንደሚያሳይ አረጋግጠዋል። መንገድ በሚቆፈርበት፣ ሕንፃ በሚፈርስበት፣ ጠጠር በሚፈጭበት አካባቢ ይህን መሣሪያ ሰቅሎ «አየሩ አረንጓዴ (ንጹሕ) ነው» ማለት ነዋሪውን ማሳሳት ነው፤ ልጆች እዚያ አቧራ ውስጥ ሆነው ቁጥሩ ደህና ነው ይላቸዋል። የግንባታ አቧራ ለመከታተል ከፈለጋችሁ ሌላ መሣሪያ ፈልጉ። የፒኤም 10 ዓምዱንም ከሠንጠረዣችሁ ላይ ሰርዙት።

ክረምት ሌላ ፈተና ነው። ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ማለዳዎች እርጥበቱ ሲጨምር ብናኙ ውኃ እየሳበ ያብጣል፣ ብርሃኑን ይበልጥ ይበትናል፣ መሣሪያውም የሌለ ብክለት ያሳያል። በበጋ የተሠራ ማስተካከያ ለክረምት አይሆንም። ሁለቱንም ወቅት ያላካተተ ካሊብሬሽን (ከማጣቀሻ መሣሪያ ጋር አነጻጽሮ ማስተካከል) ግማሽ ሥራ ነው።

ካሊብሬሽኑ እንዴት ይሠራል? ማጣቀሻ መሣሪያ ያስፈልጋል፤ የተለመደው ብናኙን በማጣሪያ ጥብጣብ ላይ ሰብስቦ በቤታ ጨረር የሚመዝነው፣ ባም የሚባለው ነው። በአዲስ አበባ የአሜሪካ ኤምባሲ የሚለካው ዳታ ለሕዝብ ክፍት ስለነበር ለብዙዎች ማነጻጸሪያ ሆኖ ቆይቶ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2025 ግን የአሜሪካ መንግሥት ከኤምባሲዎቹ የሚወጣውን ይህን አገልግሎት አቆመ። ስለዚህ ሴንሰር ከመግዛታችሁ በፊት ባም ካለው የምርምር ተቋም ጋር ተነጋግራችሁ ጣሪያው ላይ ቦታ ያዙ። ከዚያ ሁሉንም መሣሪያዎች በአንድ ሜትር ርቀት ውስጥ ጎን ለጎን ሰቅላችሁ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት አቆዩአቸው። የሰዓት አማካዮቹን አውጡ፣ ሀ እና ለ ያልተስማሙባቸውን ጣሉ፣ ባሙን ከሲኤፍ 1ና ከእርጥበት ጋር በሪግሬሽን (ዝምድናቸውን በሚያወጣ የስታቲስቲክስ ስሌት) አገናኙ። ከመሣሪያዎቹ መካከል አንዱ ከሌሎቹ በቋሚነት ከራቀ የራሱን ማካካሻ ስጡት ወይም ወደ ሻጩ መልሱት። ስድስት ገዝታችሁ ከሆነ አራቱ ወደ ሰፈር ይሂዱ፣ አንዱ ከባሙ አጠገብ ዓመቱን ሙሉ ይቅር፣ አንዱ መጠባበቂያ ይሁን። ከባሙ አጠገብ የሚቀረውን ወደ ሰፈር ለመላክ የሚመጣውን ፈተና ተቋቋሙ፤ ሌሎቹ ከጊዜ ጋር መንሸራተታቸውን የሚያሳውቃችሁ እሱ ነው።

ሲተከል ከመሬት ከ1.5 እስከ 3 ሜትር ከፍታ፣ አየር በነጻነት በሚያልፍበት፣ ቀጥተኛ ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ላይ ይሁን። ከማድ ቤት መስኮት፣ ከጄኔሬተር ጭስ ማውጫና ከበቆሎ ጠባሾች ይራቅ፤ አለዚያ የምትለኩት ሰፈሩን ሳይሆን አንድ ምድጃ ነው። እንደተሰቀለ የግፊቱን ንባብ ተመልከቱ፦ በከተማዋ መካከለኛ ከፍታ 770 ሄክቶፓስካል አካባቢ መሆን አለበት። 1013 (የባሕር ወለል ግፊት) አጠገብ ካለ ቢኤምኢ 280ው ችግር አለበት፣ የእርጥበት ንባቡም አይታመንም። ኅዳር 12 ደግሞ ኔትወርኩን ለመፈተን ጥሩ ቀን ነው፤ ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻው በየሰፈሩ ስለሚቃጠል፣ ጎረቤቶቹ ሁሉ ከፍ ሲሉ ዝም ያለ መሣሪያ ካለ በማግሥቱ ሄዳችሁ እዩት። የደመራ ማታም ያንኑ ያደርጋል።

ኤሌክትሪክና ዋይፋይ ላይ መሣሪያው የተሠራው መብራት ለማይጠፋበት ቤት ነው። በ5 ቮልት ዩኤስቢ ይሠራል፣ የሚፈልገውም ከ1 ዋት ብዙ አይርቅም፤ 10,000 ሚሊአምፒር ሰዓት ፓወር ባንክ አንድ ቀን ገደማ ያቆየዋል። ፓወር ባንኩ እየተሞላ ሳለ ኃይል የሚያወጣ ዓይነት መሆኑን ከመግዛታችሁ በፊት አረጋግጡ፤ ብዙዎቹ መብራት ሲመጣ ለቅጽበት ያቋርጡና መሣሪያው ጠፍቶ እንደገና እንዲነሳ ያደርጋሉ። ዋይፋዩ 2.4 ጊጋኸርዝ ብቻ ነው። በአሳሽ ገጽ ገብታችሁ ስም የምትሞሉበትን የግቢ ዋይፋይ አይቀበልም፤ ለዩኒቨርሲቲ ግቢ ሲም የሚወስድ የ4ጂ ራውተር መመደብ ይቀላል። ማገናኘቱ ራሱ ቀላል ነው፦ በስልክ «ፐርፕልኤር» ብሎ የሚጀምረውን ዋይፋይ መርጦ፣ 192.168.4.1 ብሎ ገብቶ፣ የራውተሩን የይለፍ ቃል መስጠት። ሜሞሪ ካርድ የሌለው ሞዴል ኢንተርኔት በተቋረጠበት ሰዓት የለካውን አያስቀምጥም፤ ካርድ ያለውን ምረጡ። ወይም መሣሪያው በውስጥ ኔትወርክ ላይ የሚያወጣውን የጄሰን ገጽ (ንባቦቹን በኮምፒውተር በሚነበብ ጽሑፍ የያዘ ገጽ) በየሁለት ደቂቃው የሚያነብ አንድ ራስቤሪ ፓይ የሚባል ትንሽ ኮምፒውተር አስቀምጡ፤ ይህ መንገድ ከኩባንያው ሰርቨር ነጻ ያወጣችኋል። በነጥብ ለሚከፈለው የዳታ ማውረጃ አገልግሎትም ጥገኛ አትሆኑም።

ዳታው የሚወርደው በግሪንዊች ሰዓት ነው። በኢትዮጵያ አቆጣጠር ለማንበብ 3 ሰዓት ቀንሱ፦ 05:00 ብሎ የመጣው ጠዋት 2 ሰዓት ነው። ይህ ሲዘነጋ የማለዳው የምድጃ ጭስ ሌሊት ላይ ያለ ይመስልና ሰፊ የተሳሳተ ትንታኔ ይጻፍበታል። ካርታው ላይ የሚታየውም ቁጥር ብዙ ጊዜ ማይክሮግራም ሳይሆን የአሜሪካ የአየር ጥራት መለኪያ ነው፤ 100 ማለት 35.4 ማይክሮግራም ነው። የዓለም ጤና ድርጅት የ24 ሰዓት መመሪያ 15፣ የዓመቱ ደግሞ 5 መሆኑን አጠገቡ ብትጽፉት ወላጆች በቀላሉ ይረዱታል።

ከማዘዛችሁ በፊት ኤርኪውን ተመልከቱ። በካምፓላ ማኬሬሬ ዩኒቨርሲቲ የተወለደ ኔትወርክ ነው፤ መሣሪያዎቹን እዚያው ይሠራሉ፣ ሲም ካርድ ይይዛሉ፣ በፀሐይ ኃይልም ይሠራሉ፣ ዳታውንም ካምፓላ ካለ ባም ጋር አነጻጽረው ያስተካክሉታል። ለጎዳና ምሰሶ፣ ዋይፋይ ለሌለው ቀበሌና መብራት በፈረቃ ለሚመጣበት ቦታ እሱን እንመርጣለን። ውስጡ ያለው ሌዘር ግን ከዚያው ዘር ስለሆነ የአቧራው ችግር እዚያም አለ። ፐርፕልኤር የሚያሸንፈው ግቢ፣ ጥበቃ፣ ሶኬትና ራውተር ባለበት ትምህርት ቤት ወይም ጤና ጣቢያ ነው። የምታዙት ክላሲክ ከሆነ በዚያው ትዕዛዝ ለሁለት መሣሪያ አንድ መለወጫ ፒኤምኤስ 5003፣ ረዘም ያለ የውጭ ዩኤስቢ ኬብልና ፀሐይ የሚችል ጥቁር የፕላስቲክ ማሰሪያ ጨምሩ።