አዳማ ላይ "2 መስኮት ሙሉ" ብለው የሊነን መጋረጃ ከሚሸጡላችሁ ተጠንቀቁ

አዳማ ያላችሁ አዲስ ቤት የገባችሁ ወይ ለበዓል መጋረጃ ልትቀይሩ ያሰባችሁ ሰዎች ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ይሄን አንብቡልኝ። እኔ ተበልቻለሁ፣ ያውም ቡና አፍልቼ እያስተናገድኩ ነው የተበላሁት።

ነገሩ የጀመረው ቲክቶክ ላይ ነው። "የ2026 ትሬንድ ገባ፣ ኦሪጅናል ሊነን ከብላክአውት ጋር፣ ለክተን ሰፍተን ሰቅለን እናስረክባለን" የሚል ቪዲዮ አየሁ (ብላክአውት የሚሉት ከጀርባ የሚደረበውን ብርሀን የማያሳልፍ ጨርቅ ነው)፣ መጋረጃው ከኮርኒስ እስከ ወለል ሞገድ ሞገድ እያለ ሲወርድ ልቤን ወሰደው በቃ። ደወልኩ፣ በነጋታው ልጁ ሜትሩንና የጨርቅ ናሙናውን ይዞ ከተፍ አለ። ትሁት ነው፣ እህቴ እህቴ ሲል ማር ነው። ከዛ ስለ ቀለም ሌክቸር ጀመረልኝ። ፓንቶን የሚባል የአሜሪካ የቀለም ድርጅት አለ፣ በየዓመቱ አንድ ቀለም ይመርጣል፣ ለ2025 ሞካ ሙስ ነበር ለ2026 ደሞ ክላውድ ዳንሰር የሚባል ነጭ ነው አለኝ። ይሄ እውነት ነው ቼክ አድርጌዋለሁ። ግን ሞካ ሙስ ማለት እኮ ማኪያቶ ነው ጎበዝ! ያ ቡኒ ጨርቅ ሁሌም ገበያ ውስጥ የነበረ ነው፣ ስም ወጣለትና ዋጋው አብሮ ወጣ። ነጩን ደሞ በአዳማ አቧራ በየሳምንቱ ማን ሊያጥበው ነው ብዬ ማኪያቶውን መረጥኩ።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። ሳሎኔ ሁለት መስኮት አለው፣ እያንዳንዱ ከነዘንጉ 3.20 ሜትር። መጋረጃ ሞገድ እንዲኖረው ከስፋቱ ሁለት እስከ ሁለት ተኩል እጥፍ ጨርቅ ይፈልጋል፣ ይሄም እውነት ነው፣ ጣቃው ቁመቱ 2.80 ስለሆነ ወደ ጎን ነው የሚሰላው። 3.20 በሁለት ተኩል 8 ሜትር፣ ለሁለቱ 16 ሜትር። ሊነኑ በሜትር 1,150፣ ብላክአውቱ 650፣ ማሰፊያና መስቀያ 4,500፣ ጠቅላላ 33,300 ብር። 20,000 ቀብድ በቴሌብር ላኩ። ወረቀቱ ላይ ግን ምን ብሎ ጻፈልኝ? "2 መስኮት ሙሉ።" ሜትር የለ፣ የጨርቅ ዓይነት የለ፣ ምንም። እኔም አላልኩም፣ ሞኝነቴ እዚህ ጋ ነው።

ሊሰቅሉ የመጡት ከምሽቱ አንድ ሰዓት ላይ ነው። ስራ በዝቶብን ነው ምናምን አሉ። አሁን ሳስበው ማታ የመጡት አውቀው ነው እላለሁ፣ ምክንያቱም ብላክአውት ማታ እንዴት ይፈተናል? አምፖል በርቶ ሁሉም ያምራል። ቀሪዋን 13,300 ከፈልኩ፣ መርቄ ሸኘኋቸው።

በነጋታው አስር ሰዓት ላይ የምዕራቡ ጸሀይ ሲመጣ ሳሎኔ ወንፊት ሆነ። ጨርቁ ላይ ነጠብጣብ ብርሀን፣ ቲቪው አይታይም፣ ሙቀቱ ያው እንደ ድሮው። ያ ሞገድ የተባለው ደሞ ስዘጋው ቀጥ ብሎ የተወጠረ አንሶላ መሰለ። ሰፈራችን ድሮ ልብስ ይሰፉ የነበሩ እናት አሉ፣ እሳቸውን ጠራኋቸው። ገና ከበር "ልጄ ይሄ ጨርቅ ጾሞበታል" አሉኝ። አውርደን ወለል ላይ ዘረጋነው፣ ግራና ቀኙን ደምረን ስንለካ 4.90! ሁለተኛውም 4.90። ከእያንዳንዱ 3.10 ሜትር ጠፍቷል ማለት ነው፣ ለሁለቱ 6.20። በሊነኑ ብቻ 7,130 ብር፣ ብላክአውቱ ሲጨመር 11,160 ብር አየር ላይ።

አላለቀም። እማማ ከጠርዙ ክር መዘዙና የሲኒ ማስቀመጫ ላይ ክብሪት ለኮሱበት። ሊነን ከተልባ ግንድ የሚሰራ ነው፣ ሲቃጠል እንደ ወረቀት ይሸታል፣ በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ነው የሚተወው። የኔው ግን ተኮማተረ፣ ቀለጠ፣ ጥቁር ጭስ አወጣ፣ መጨረሻ ላይ እንደ ዶቃ ደርቆ ቀረ። በጥርስ አይሰበርም። ፖሊስተር። ለካ ተልባ ሳሎኔ የሚገባው ጾም ሲሆን ብቻ ነው ብዬ ሳቅኩ፣ ከዛ አለቀስኩ።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ልበል፣ ፖሊስተር ጠላቴ አይደለም። እንደውም ለአዳማ ይሻላል ባይ ነኝ፣ ታጥቦ አያጥርም ቶሎ ይደርቃል፣ ንጹህ ሊነን መጀመሪያ ካልታጠበ ከመጀመሪያው እጥበት በኋላ ከወለል ብድግ ይላል። በሊነን ዋጋ መሸጡ ነው ያቃጠለኝ። ስስ የሆነ ጨርቅ ደሞ እዚህ ከተማ ነፋስ አይችልም፣ አዳማ 1 እና 2 የነፋስ ኃይል ማመንጫ ላይ 136 ተርባይን የተተከለው ለጌጥ አይደለም፣ መስኮት ስከፍት መጋረጃዬ ጠረጴዛው ላይ ያለውን ብርጭቆ ጠርጎ ነው የሚመለሰው።

በአራተኛው ቀን ሱቁ ሄድኩ (ስሙን አልጠራም)። ልጁ የተልባ ስፍር ሆነብኝ፣ አንዴ ልብስ ሰፊው ነው የቆረጠው፣ አንዴ ጨርቁ በእጥፋት ገባ፣ አንዴ "ሊነን ሉክ ነው ያልኩሽ እህቴ" (ሊነን መሳይ ማለቱ ነው)። በመጨረሻ የተቆረጠ ጨርቅ አይመለስም ብሎ ጀርባውን ሰጠኝ። የሸማቾች አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ይቀየርልኝ ወይ ብሬ ይመለስልኝ ማለት ይችላል ይላል፣ ስለዚህ ቀኑን እየቆጠርኩ ወደ ንግድ ጽህፈት ቤት ልሄድ ነው። ችግሬ ያቺ "2 መስኮት ሙሉ" የምትል ወረቀት ናት፣ 16 ሜትር ተባብለን እንደነበር በምን ላሳይ? የቴሌብሩ ሜሴጅና ያ ቪዲዮ ናቸው ያሉኝ፣ ቪዲዮውን ደሞ ሳያጠፉት ስክሪን ሪከርድ አድርጌዋለሁ።

እናንተ ግን ስትገዙ ሜትሩን በቁጥር፣ የጨርቁን ዓይነት በስም አስጽፉ። የጣት ያህል ቁራጭ ጠይቁና ቤታችሁ አቃጥሏት፣ ሻጩ እምቢ ካለ እዛው ተዉት። ብላክአውት ከሆነ የስልካችሁን ባትሪ አብሩና ከጀርባው ለጥፉት፣ ብርሀኑ ነጠብጣብ ሆኖ ከታየ ስሙ ብቻ ነው ብላክአውት። ጥሩው ብላክአውት ራሱ ከመስኮቱ ግራና ቀኝ 15 ሳንቲም ያህል ካላለፈ በጎን ያስገባል። ቀሪ ብር ደሞ በጸሀይ እንጂ በአምፖል እንዳትከፍሉ። ቡክሌ የሚሉት የተጠማዘዘ ክር ያለው የሶፋ ትራስም እየሸጡ ነው፣ ድመት ያለው ሰው አይሞክረው፣ ዚፑን ከፍታችሁም ውስጡን እዩ፣ ጓደኛዬ የገዛችው በስፖንጅ ቁርጥራጭ የተሞላ ነበር።

እንደኔ "ሙሉ" ብላችሁ ያሰራችሁ ካላችሁ ዛሬ ማታ አውርዳችሁ ወለል ላይ ለኩና ስንት እንደመጣላችሁ ጻፉልኝ፣ ብዙ ከሆንን አብረን እንከሳለን። የኔው ተጣጥፎ ለማስረጃ ቁም ሳጥን ላይ ተቀምጧል። መስኮቴ ላይ ለጊዜው የእናቴን ጋቢ ሰቅያለሁ፣ ከዛኛው ይሻላል፣ ቲቪው ይታያል።