የሞተር ሳይክል መሪ ሲቀየር፦ ብረት፣ አሉሚኒየም ወይስ ወፍራሙ?

ከፒያሳ በቸርችል ጎዳና ወደ ለገሃር ቁልቁል እየነዳ፣ በሚኒባሶች መካከል እየተሽሎከለከ ዕቃ የሚያደርስ ሰው የሞተሩን መሪ ለመቀየር ሲነሳ በአብዛኛው ዓይኑ የሚያርፈው በቅርጹና በቀለሙ ላይ ነው። መሪው መግጠም አለመግጠሙን የሚወስኑት ግን የቱቦው ውጫዊ ውፍረት (ዲያሜትሩ)፣ መሪውን ከሞተሩ ጋር የሚይዘው ማሰሪያ ስፋትና የካቦዎቹ ርዝመት ናቸው። ሻጩ «ለሁሉም ይገጥማል» ቢልም፣ መለኪያ ሳይዙ መርካቶ መውረድ ገንዘብን ለዕድል መስጠት ነው።

በመጀመሪያ የብረቱንና የአሉሚኒየሙን እንይ። እንደ ባጃጅ ቦክሰር ያሉ የሥራ ሞተሮች ከፋብሪካ ይዘውት የሚመጡት ባለ 22 ሚሊ ሜትር (በትክክል 22.2) የብረት ቱቦ ነው። ብረቱ ከበድ ይላል፤ ኒኬሉ ከተላጠ ደግሞ በክረምት ይዝጋል። ሆኖም ሞተሩ ሲወድቅ ብረት ድንገት ከመሰበር ይልቅ ስለሚጣመም ለነጂው ምልክት ይሰጣል፣ ዋጋውም ዝቅ ያለ ነው። ተመሳሳይ ውፍረት ያለው የአሉሚኒየም መሪ ቀላልና የማይዝግ ቢሆንም፣ ከተጣመመ በኋላ በመዶሻ ማቃናት ወይም በብየዳ መጠገን ፈጽሞ አይገባም፤ የሚቀጥለው ጉዞ ላይ ሊሰበር ይችላልና። በእርግጥ የተጣመመ ብረትም ቢሆን መቀየሩ ይሻላል። ቀኑን ሙሉ ለሚሠራ ሞተር እኔ የምመርጠው የብረቱን፣ ያውም ከፋብሪካው ልክ ብዙ ያልራቀውን ነው።

ሦስተኛው ዓይነት ወፍራሙ፣ መሀሉ 28.6 ሚሊ ሜትር የሆነው የአሉሚኒየም መሪ ነው። እንደ እንግሊዙ ሬንታል ባሉ ኩባንያዎች የታወቀው ይህ ዓይነት መሀል ለመሀል የሚያልፍ ድጋፍ ሳያስፈልገው ጠንካራ ነው፤ ጎርባጣ መንገድ ላይም ጥሩ ነው። ጫፎቹ ወደ 22.2 ስለሚቀጥኑ እጀታውና የፍሬን መያዣው ያለችግር ይገባሉ። ችግሩ መሀሉ ላይ ነው፦ ለ22 የተሠራ ማሰሪያ ፈጽሞ አይቀበለውም፤ ስለዚህ አዲስ ማሰሪያ ወይም ማሻገሪያ (አዳፕተር) መግዛት ግድ ይሆናል። ማሰሪያውን ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስፋት ርካሽ መስሎ ቢታይም፣ የቀረው ብረት ስለሚሳሳ አልመክረውም። ከዚህ ሌላ ቱቦው ከመሀል ወደ ጫፍ እየቀጠነ ስለሚሄድ ስዊቹንና የስፖኪዮውን መያዣ ወደ ውስጥ መግፋት አይቻልም፣ ቦታም ይጠባል።

መሪው ከተገዛ በኋላ ዋናው ራስ ምታት ካቦ ነው። ከፍ ያለ ወይም ሰፊ መሪ የጋዙንና የፍሪሲዮኑን ካቦ እንዲሁም የፍሬን ዘይቱን ጎማ ይወጥራል። ስለዚህ ሁሉንም ሳያጠብቁ አስቀምጦ፣ ሞተሩን በዝቅተኛ ዙር አስነስቶ መሪውን እስከ መጨረሻው ግራና ቀኝ ማዞር ያስፈልጋል፤ ሲዞር ድምፁ ከፍ ካለ የጋዙ ካቦ ተወጥሯል ማለት ነው፣ በዚያ ሁኔታም መንዳት አደገኛ ነው። የጋዙ እጀታ ሥራ ከመጀመሩ በፊት በአብዛኛው ከ2 እስከ 6 ሚሊ ሜትር ላላ ማለት አለበት። ካቦው ካጠረ አሮጌውን ለናሙና ይዞ ረዘም ያለ መፈለግ እንጂ በጠባብ መታጠፊያ ማሳለፍ መፍትሔ አይደለም። ዝቅ ባለ መሪ ላይ በተቃራኒው ካቦው ከሚፈለገው በላይ ረዝሞ ይተርፋል፤ ሰርባቶዮውን የሚነካ እጀታ ካለም አውራ ጣትን ይቀረጥፋል።

ሌላው ቸል የሚባለው ነገር በስዊቹ ውስጥ ያለች ትንሽ ጉጥ ናት። የፋብሪካው መሪ ለእሷ ቀዳዳ አለው፤ አዲሱ ግን ብዙውን ጊዜ የለውም። ጉጧን በሞረድ ማሳጠር ይቻላል፣ ግን ስዊቹ በመሪው ላይ እንዳይሽከረከር በደንብ መጠበቅ አለበት። ቀዳዳ መብሳት ከተመረጠ በብረት መሪ ላይ ይሁን፤ በአሉሚኒየም ላይ ግን፣ በተለይ ማሰሪያው አጠገብ፣ ቀዳዳው የስብራት መነሻ ይሆናል። አንዳንድ ማሰሪያዎች የፊቱን የሚለይ ነጥብ ወይም ቀስት አላቸው፤ በእነዚህ ላይ የፊቱ ቡሎን ቀድሞ ይጠብቃል፣ ክፍተቱም ከኋላ ይቀራል። ማሰሪያው የሚይዘው የቱቦ ክፍል ግሪስ ወይም ቀለም እንዳይነካው መጥረግም ተገቢ ነው።

የሞተሩ መሪ ለሁለት ተከፍሎ በፊት ሾኩ ቱቦ ላይ የሚታሰር ከሆነ ንጽጽሩ ሌላ ነው፤ እዚህ የሚለካው የሾኩ ቱቦ ውጫዊ ውፍረት ሲሆን፣ በሚሊ ሜትር ልክ የማይገጥመውን በጨርቅ ወይም በቆርቆሮ እየሞሉ ማሰር አይሞከርም። እንዲህ ያለው መሪ ነጂውን ወደ ፊት ስለሚያጎነብስ፣ በትራፊክ መብራት ላይ ለሚቆም ከተማ ነጂ የእጅ አንጓ ድካም ይጨምርበታል።