ዘጠኝ ወር በእጄ የያዝኩት የሳተላይት አንቴና

ይህን አንቴና የገዛሁት ከዘጠኝ ወር በፊት ነው። ከዚያ በፊት ሁለት ወር ያህል በእጅ ሬዲዮዬ ብቻ፣ የአማተር ሬዲዮ ባለፈቃዶችን ድምፅ ተቀብሎ ሩቅ ላለ ሰው የሚያስተላልፍ ሳተላይት ለመያዝ ሞክሬ አቅቶኝ ነበር። ሬዲዮዬ 5 ዋት ያወጣል፤ የምፈልገው ሳተላይት ግን የሚያሰራጨው በሩብ ዋት ብቻ ነው። ችግሬ ድምፄን ማድረስ ሳይሆን መስማት እንደነበር ያስተዋልኩት ዘግይቼ ነው። ከሬዲዮው ጋር የመጣችው አጭር የጎማ አንቴና ያን ደካማ ድምፅ ከጫጫታው ለይታ ማውጣት አትችልም። ሳልሰማ እየተናገርኩ የስንቱን ሰው ንግግር እንዳቋረጥኩ ሳስብ እስካሁን ይከነክነኛል።

ዕቃው በእጅ የሚያዝ ያጊ፣ ማለትም ወደ አንድ አቅጣጫ የሚያነጣጥር አንቴና ነው። ለምናገርበት የ2 ሜትር ሞገድ ሦስት፣ ለምሰማበት የ70 ሴንቲሜትር ሞገድ ሰባት የአሉሚኒየም ዘንጎች አሉት፤ ሁለቱ ወገኖች በአንድ ግንድ ላይ ተሻግረው ይቆማሉ። መያዣው ውስጥ ያለው ማጣሪያ ሁለቱን ሞገዶች በአንድ ገመድ ወደ ሬዲዮው ያደርሳል። እስከ 10 ዋት ብቻ ስለሚችል ትልቅ ሬዲዮ ያለው ሰው ኃይሉን ዝቅ ማድረጉን እንዳይረሳ። የከፈልኩት ከ200 ዶላር ጥቂት ያነሰ ነው።

አብዛኛውን ጊዜ የምሠራው በኤስኦ-50 ነው። ይህን ትንሽ ሳተላይት የሠሩት ሳዑዲዎች ናቸው፤ እ.ኤ.አ. ዲሴምበር 20 ቀን 2002 ከባይኮኑር በዲኒፐር ሮኬት ወደ ሕዋ ወጣ። ዲኒፐር ከኒውክሌር ሚሳኤል ተለውጦ የተሠራ ሮኬት ነው። ከተማ ለማጥፋት የታሰበ መሣሪያ ሰው ከሰው የሚነጋገርበትን ሳጥን ተሸክሞ መውጣቱ ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። በ145.850 ሜጋኸርዝ እናገራለሁ፣ በ436.795 እሰማለሁ። ከንግግሬ ጋር የ67 ኸርዝ ድምፅ አብሮ ካልሄደ ሳተላይቱ አይቀበለኝም። ተኝቶ ካገኘሁት ደግሞ በ74.4 ኸርዝ ለሁለት ሰከንድ እቀሰቅሰዋለሁ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ነቅቶ ይቆያል። ሲመጣ ድምፁ ከፍ ባለ ሞገድ ላይ ነው፣ ሲሄድ ይወርዳል፤ ጥሩምባውን እየነፋ የሚያልፍ መኪና ድምፅ እንደሚለዋወጠው ማለት ነው። ስለዚህ ከ436.805 እስከ 436.785 አምስት ቦታዎች ሬዲዮው ላይ መዝግቤ ሳተላይቱ ሲጓዝ አንድ በአንድ እወርዳለሁ።

ዋናው ጥበብ ያለው ግን እጅ አንጓ ላይ ነው። ሳተላይቱ እየተንከባለለ ስለሚሄድ የሞገዱ አቋም ይለዋወጣል። አንቴናውን በትክክል ወደ ሰማይ አቅጣጫው አነጣጥሮም ድምፁ ድንገት ይጠፋል፤ ያን ጊዜ አንጓን ሩብ ዙር ያህል ማዞር ነው፣ ድምፁ ይመለሳል። ይህን ለመልመድ ሁለት ወር ፈጅቶብኛል፤ ቢሆንም እንቅስቃሴው አዲስ አልሆነብኝም። ደሴ ባደግኩበት ቤት አባቴ ምሽት ላይ የጀርመን ድምፅን ለመስማት ሬዲዮኑን መስኮቱ ላይ አስቀምጦ አንቴናውን ይስብና በጣቱ ጥቂት ጥቂት ያዞረው ነበር። እኛ ልጆቹ ትንፋሻችንን ውጠን እንጠብቃለን። ድምፁ ጥርት ሲል እጁን ሳያነሣ እዚያው ይቆማል። አሁን እኔም እንደዚያው ነው የምቆመው።

በመጀመሪያው ሳምንት የፖርቶ ሪኮ ሰው መለሰልኝ። የጥሪ ምልክቱንና ያለበትን የካርታ ካሬ ነገረኝ፣ እኔም የእኔን ካሬ «ኤፍ ኤም 18» ብዬ ነገርኩት፣ አለቀ። የሚገኘው አንድ መስመር ነው፣ ሳተላይቱ ከአድማስ እስከ አድማስ የሚቆየው ከሩብ ሰዓት ያነሰ ነው፣ ወረፋ የሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው፤ ወሬ ማስረዘም ነውር ነው።

ጉድለቶቹን ሳልደብቅ ልናገር። በአራተኛው ወር የአንዱ ዘንግ ብሎን ጥርሱ ተበላ፤ ዘንጉም ሣር ውስጥ ወድቆ ጠፋብኝ። ከዚያ ወዲህ መለዋወጫ ዘንግ ይዤ እሄዳለሁ፣ ብሎኖቹንም ከመውጣቴ በፊት በጣቴ አጠብቃለሁ። ከዚህ የከፋው ገመዱ ነው። ወፍራም ስለሆነ ክብደቱ በሬዲዮው ትንሽ መሰኪያ ላይ ያርፍና ያላላዋል፤ የመጀመሪያው ሬዲዮዬ የተበላሸብኝ በዚህ ነው። ቀጭንና ለስላሳ አጭር ገመድ በመካከል ማስገባት ይህን ሙሉ በሙሉ ይፈታዋል፤ አብሮት ቢሸጥ ኖሮ ሬዲዮዬ ይተርፍ ነበር። ክንድም ይዝላል። እኔ ባለ ሦስት እግር የካሜራ መቆሚያ ገዝቼ ክብደቱን እርሱ ላይ አሳርፌ አንጓዬን ብቻ እጠቀማለሁ።

እ.ኤ.አ. በ2020 ሥራ በጀመረው የዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ደጋሚ (የተቀበለውን ድምፅ መልሶ የሚያሰራጭ ሬዲዮ) ላይ ሌላ ችግር አለ። ማሰራጫ ወደ ሞገዱ ሦስት እጥፍም ጥቂት ያፈሳል፤ የሚናገሩበት 145.990 በሦስት ሲባዛ 437.970 ይሆናል፤ የሚሰሙበት ደግሞ 437.800 ነው። በሁለተኛ ሬዲዮ የራሴን ድምፅ ልስማ ስል የገዛ ማሰራጫዬ ጆሮዬን ይደፍነዋል፤ የአንቴናው ማጣሪያም ብቻውን አይበቃውም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው እንደሚባለው፣ ያለዚያ ሁለተኛ ሬዲዮ ደግሞ ድምፄ መድረሱን የማውቅበት መንገድ የለኝም። በኤስኦ-50 ይህ ብዙም አላስቸገረኝም።

የምሠራው አሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ፣ ፖቶማክ ወንዝ ዳር ባለው ጆንስ ፖይንት ፓርክ ነው። ባለፈው መስከረም አንድ ሽማግሌ ነጠላቸውን አጣፍተው ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ «ልጄ፣ አገር ቤትን ታገኝበታለህ?» አሉኝ። አላገኝም። ኤስኦ-50 በአንድ ጊዜ የሚያየው የምድር ክፍል ከዳር እስከ ዳር 5,000 ኪሎ ሜትር እንደ መሻገር ነው፤ ከዚህ አዲስ አበባ ግን 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ይርቃል። ይኸው ሳተላይት በሌላ ዙሩ አዲስ አበባንም ያልፋል፤ እኔንና አገሬን ግን በአንድ ጊዜ አያይም። ይህን ስነግራቸው ቅር አላቸው፣ እኔንም ቅር አለኝ። አገር ቤት ፈቃድ ይዞ የሚሠራ ሰው እ.ኤ.አ. በ2018 ወደ ሕዋ ወጥቶ በምሥራቅ 25.9 ዲግሪ ላይ የቆመው የኳታሩ ሳተላይት ኪውኦ-100 አለው፤ አፍሪካንና አውሮፓን ያገናኛል፣ ከቦታው ስለማይንቀሳቀስም ሳህን አንዴ ተክሎ መተው ይቻላል። ከቨርጂኒያ ግን አይታይም።

ድጋሚ እገዛዋለሁ? አዎ። እጁ ለሥራ የሚታዘዝለት ሰው ከእንጨትና ከሽቦ በትንሽ ገንዘብ ሊሠራው ይችላል፤ እኔ ጊዜ አልነበረኝም። ፈቃዱ የግድ ነው፤ በአሜሪካ የመጀመሪያው ደረጃ ፈተና 35 ጥያቄ አለው፣ 26 የመለሰ ያልፋል።

ሽማግሌው አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ይመጣሉ። ሁለተኛውን ሬዲዮ ከማዳመጫው ጋር እሰጣቸዋለሁ፤ ሳተላይቱ ከደቡብ ምዕራብ ብቅ ሲል እጃቸውን ከፍ አድርገው፣ «መጣ» ይሉኛል። ከእኔ ቀድመው ይሰሙታል።