ደንገጎ ለምትወጡ፦ ያንን «ፉል ካርቦን» ግላይደር እንዳትገዙ

ሰላም ለሁላችሁም፣ በተለይ ለድሬና ለሐረር ልጆች። ቅዳሜ ቅዳሜ ደንገጎ ተራራ ወጥታችሁ ግላይደር፣ ማለትም በሪሞት የሚታዘዝ ትንሽ አውሮፕላን፣ የምታበሩ፣ ወይም አይታችሁ «እኔም ልጀምር» ያላችሁ፣ ይቺን ሳታነቡ ለማንም ቀብድ እንዳትልኩ። እኔ 38,000 ብር ተበልቻለሁ። የእኔ ገንዘብ ብቻ ቢሆን ዝም እል ነበር። ግን በዚያው ፎቶ አንድ የሐረር ተማሪ ተሸውዷል፣ ትናንት ደግሞ ያው ፎቶ በሌላ ስም ቴሌግራም ላይ ወጥቶ አየሁት። አበባ ያለው የጠረጴዛ ልብስ ላይ የተቀመጠ ጥቁር ግላይደር ነው፣ በግራ በኩል የቡና ሲኒ ይታያል። ያንን ሲኒ ካያችሁ እለፉት።

ስለ ጨዋታው ለማታውቁ በአጭሩ ልንገራችሁ። ይሄ ሞተር የለውም፣ ፕሮፔለርም የለውም። ከሰዓት በኋላ ከድሬ ሜዳ የሚመጣው ነፋስ ተራራውን ሲገጭ መሄጃ ያጣና ሽቅብ ይወጣል፣ ግላይደሩ እሱ ላይ ይንሳፈፋል። ባትሪው ሥራው ሪሲቨሩን (የሪሞቱን ትእዛዝ የሚቀበለውን) እና ሰርቮዎቹን (መቆጣጠሪያዎቹን የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ መሣሪያዎች) ማሠራት ብቻ ነው። ውድድርም አለው። በዓለም አቀፍ ደረጃ ኤፍ3ኤፍ ይባላል፦ 100 ሜትር በተራራቁ ሁለት ምልክቶች መካከል 10 ጊዜ፣ በድምሩ 1 ኪሎ ሜትር፣ አንድ በአንድ እየተበረረ በሰዓት ይለካል። እኛ ሁለት ባንዲራ ተክለን በስልክ ሰዓት እየያዝን እንሽቀዳደማለን። አቦ፣ ያቺ ስታፏጭ የምታልፍበት ድምፅ ሌላ ነገር ናት።

ሁለት ዓመት ያበረርኩት በፎም ክንፍ ነው። ባለፈው ዓመት ፈጣን ነገር አማረኝ። ከዚያ ማስታወቂያውን አየሁ። «የውድድር ግላይደር፣ ፉል ካርቦን፣ 2.8 ሜትር ክንፍ፣ ከጀርመን የመጣ፣ ዓለም ሻምፒዮና ላይ የተወዳደረ»። ፉል ካርቦን ማለት ሙሉ በሙሉ ከካርቦን ፋይበር የተሠራ ማለት ነው። ሻጩ ዋጋው 45,000 ብር ነው አለኝ፣ ተከራክሬ 38,000 ላይ ተስማማን። ግማሹን በቴሌብር ቀብድ፣ ግማሹን ዕቃው ሲደርስ።

እዚህ ላይ ቆም ልበል፣ ምክንያቱም ስህተቱ የጀመረው ከዚህ ነው። አዲስ የውድድር ግላይደር ውጭ አገር ከ1,000 ዩሮ በላይ ነው፣ ብዙዎቹም ከዚያ በጣም ይበልጣሉ። ያገለገለ ቢሆን እንኳ በዚህ ዋጋ ድሬ ድረስ አይመጣም። አውቀው ነበር። ግን ዕቃው ልቤ ውስጥ ገብቶ ስለነበር «ልጁ ገንዘብ ቸግሮት ይሆናል» ብዬ ራሴን አሳመንኩ።

ሰውየው ሲያወራም ራሱን አጋልጦ ነበር። ስልክ ላይ «ነፋስ ሲበረታ 7 ኪሎ አድርገነው እንወዳደርበታለን ብራዘር» አለኝ። በኤፍ3ኤፍ ሕግ ግላይደር ክብደት ተጨምሮበትም ከ5 ኪሎ ማለፍ አይችልም። አፍንጫው ሳይቀር ካርቦን መሆኑንም እንደ ጉራ ነገረኝ። ካርቦን የሬድዮ ሞገድ ይከለክላል። የዛሬ ሪሞቶች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው፣ ስለዚህ እውነተኛዎቹ ሪሲቨሩ የሚቀመጥበትን አፍንጫ በፋይበር ግላስ ወይም በኬቭላር ነው የሚሠሩት፣ አለበለዚያ ግላይደሩ ሪሞቱን አይሰማም። አፍንጫው ካርቦን ነው የሚላችሁን ሰው አንቴናው የት እንደወጣ ጠይቁት። ካልመለሰላችሁ ዕቃውን አያውቀውም፣ ወይም እየዋሸ ነው።

ዕቃው በሰው እጅ መጣ። መናኸሪያ ሄድኩ። ካርቶኑ ዙሪያውን በስኮች ታሽጓል። ያመጣው ልጅ «ቀሪውን ሳትልክ እንዳትከፍተው ተብያለሁ፣ እኔ መልእክተኛ ነኝ፣ ስለ ዕቃው አላውቅም» አለ። ፀሐዩ ይጋረፋል፣ ባጃጁ ይጠብቀኛል፣ ልጁም ቸኩሏል። ላክሁ።

ሳቢያን ቤቴ ደርሼ ስከፍተው አዲስ የስፕሬይ ቀለም ሸተተኝ። ያገለገለ ግላይደር ቀለም አይሸትም። እንደዚያም ሆኖ ሲያዩት ያምራል፣ የካርቦኑ ጥልፍ ያበራል፣ ቀይ መስመርም አለው። በማግስቱ ቆርቆሮው ሥር አስቀምጬው ከሥራ ስመለስ ክንፉ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን ብጉር ብጉር ብሏል። የድሬ ሙቀት ስቲከሩን ከሥሩ ለቆታል ማለት ነው። እውነተኛ ካርቦን ላይ እንዲህ የሚነሳ ስቲከር የለም። ደወልኩለት። «መከላከያ ላስቲክ ነው፣ ለትራንስፖርት ነው» አለኝ። አመንኩት።

በዚያው ቅዳሜ ደንገጎ ወጣን። ነፋሱ ጥሩ ነበር። ጓደኛዬ ከአፋፉ ወረወረልኝ፣ ቀጥ ብላ ወጣች፣ የመጀመሪያው መስመር ላይ ደስ አለኝ። ሁለተኛው መዞሪያ ላይ ጠበቅ አድርጌ ስስባት ክንፎቿ ወደ ላይ ተጣጠፉ። መጽሐፍ እንደሚዘጋ ነው የተገናኙት። ከዚያ በኋላ ሪሞቱ ምንም አይሠራም፣ 3 ኪሎ ተኩል ዕቃ ድንጋይ ሆኖ ወረደ። የወደቀበት ቦታ አንዲት ፍየል የምትጠብቅ ልጅ ከነበረችበት 30 እርምጃ አይሞላም። ልጅቷ ደንግጣ ተቀመጠች። ውሃ ሰጥተናት ቤቷ ድረስ ሸኘናት። እናቷን «ይቅር በሉን እማማ» ስላቸው ድምፄ ተንቀጠቀጠ። እስካሁን ሌሊት ትዝ ይለኛል።

ስብርባሪውን ስንለቅም ሁሉም ነገር ታየ። ሁለቱን ክንፍ የሚያያይዘው ዘንግ ድፍን ካርቦን መሆን ሲገባው ጥቁር የተቀባ የመጋረጃ አሉሚኒየም ቱቦ ነው፣ መሃሉ ላይ ታጥፏል። ፈጣን መዞሪያ ላይ ክንፍ የግላይደሩን ክብደት 10 እጥፍና ከዚያም በላይ ይሸከማል፣ የመጋረጃ ቱቦ ያንን አይችልም። ክንፉ ውስጡ ቴሌቪዥን ሲገዛ ካርቶን ውስጥ የሚመጣው ነጭ ፎም ነው። ላዩ ስቱኮ ተለቅልቆ፣ በብርጭቆ ወረቀት ተፈግፍጎ፣ ስቲከር ተለጥፎበታል። ለዚህ ነው የከበደው። ሽንኩርት የምትሸጥ ጎረቤታችን ሚዛን ላይ ሰብስቤ ስመዝነው 3.6 ኪሎ ሆነ። እውነተኛው ባዶውን ከ2 እስከ 2.5 ኪሎ ገደማ ነው። እኛ ጋ ደግሞ ክብደት የበለጠ ያስቀጣል። ደንገጎ አናት 2,000 ሜትር ገደማ ነው፣ እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በ18 ከመቶ ገደማ ይሳሳል፣ ያንኑ ክብደት ለመሸከም ግላይደሩ 10 ከመቶ ያህል ፈጥኖ መብረር አለበት። ሲያርፍም ፈጥኖ ነው፣ ሲወድቅም እንደዚያው።

ለሻጩ ፎቶ ላክሁለት። «አበራረር ስለማትችል ነው» አለኝና ብሎክ አደረገኝ። የቴሌብሩን መልእክትና የተጻጻፍነውን ይዤ ፖሊስ ጋ አመልክቻለሁ፣ እየተከታተልኩ ነው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ አንድ ልጅ ከሐረር በሚኒባስ መጣ፣ ረጅም ካርቶን ተሸክሞ። ተማሪ ነው። በክረምት ሠርቶ ባጠራቀመው ገንዘብ ነው የገዛው። ካርቶኑን ሳይ ልቤ ወረደ። «አንተ፣ ይሄን ከማን ነው የገዛኸው?» አልኩት። ስልኩን ሲያሳየኝ ያ የቡና ሲኒ አለ። እንዳያበር ለመንኩት፣ እሺ አለኝ። ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን አንድ ላይ ከፈትነው። ክንፉ ከአካሉ ጋር የሚገጥምበት ጫፍ ላይ ስቲከሩን በጥፍሬ ላጥ ሳደርገው ነጭ ፍሬ ፍሬው እንደ ፈንዲሻ ሱሪዬ ላይ ተበተነ። ልጁ ምንም አልተናገረም፣ ፍሬዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ።

የእሱን ሰርቮዎችም ፈታናቸው። ከሥር አራት ትንንሽ ብሎኖች ናቸው፣ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም። ላያቸው ላይ «ሜታል ጊር» ተብሎ ተጽፏል፣ ውጭ የሚታየው የመጨረሻው ጥርስም ብረት ነው። ውስጥ ያሉት ሦስቱ ግን ፕላስቲክ ናቸው። ከእነሱም የአንዱ ጥርስ ረግፏል። ባትሪው ደግሞ አብጧል። ያበጠ ሊፖ ባትሪ እሳት ሊያስነሳ ይችላልና «ትንሽ ነው ያበጠው» ቢሏችሁም ቻርጅ እንዳታደርጉት። በድሬ ሙቀት መኪና ውስጥ የሚተውት ሰዎች አሉ፣ እባካችሁ ተዉ።

ስለዚህ የውድድር ግላይደር ልግዛ ካላችሁ ቴስተር ይዛችሁ ሂዱ። ካርቦን ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል። ቀለምና ቫርኒሽ ስለሚከለክል ላዩን መንካት አይጠቅምም፣ የማያያዣውን ዘንግ ጫፍ በብርጭቆ ወረቀት ትንሽ ፈግፍጉና ሁለቱን የቴስተር ጫፍ አስነኩት። ካነበበ ካርቦን ሊሆን ይችላል፣ ምንም ካላነበበ አይደለም። አሉሚኒየምም ያነባል፣ ስለዚህ የተፈገፈገውን ቦታ እዩት። ብር መስሎ ካበራ ብረት ነው፣ ካርቦን ጥቁር ዱቄት ነው የሚያወጣው። ሻጩ «አትፈግፍግ ይበላሻል» ካለ ይዞት ይሂድ። ከዚያ ክንፉን ገጥማችሁ ሁለቱን ጫፍ ሁለት ወንበር ላይ አስደግፉና መሃሉን በመዳፋችሁ ቀስ ብላችሁ ጫኑት። ጠንከር ብሎ መልሶ ሊገፋችሁ ይገባል። ከተንጣጣ ወይም ረግቦ ከቀረ ተዉት።

ሪሲቨሩ ሌላው ገንዘብ መብያ ነው። «ሁሉም 2.4 ስለሆነ ከሪሞትህ ጋር ይሠራል» ይላሉ። ውሸት ነው። እያንዳንዱ ብራንድ የራሱ አነጋገር አለው፣ አንዳንዴ የአንድ ብራንድ አሮጌውና አዲሱ እንኳ አይግባቡም። የራሳችሁን ሪሞት ይዛችሁ ሂዱ፣ ሻጩ ፊት አገናኙት፣ ሪሞቱን ዝቅተኛ ኃይል ላይ አድርጋችሁ 30 እርምጃ ራቁና ክንፉ ላይ ያሉት መቆጣጠሪያዎች ሲንቀሳቀሱ እዩ። የጉምሩክ ወረቀትም ጠይቁ። ስለ ፈቃድ ደግሞ የሻጭ ወሬ አትስሙ፣ ራሳችሁ ኢንሳን (የኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደርን) ጠይቁ። ኤርፖርት አካባቢ ማብረር ግን በጭራሽ አይሆንም።

ጀማሪ ከሆናችሁ ከናካቴው ካርቦን አትፈልጉ። ኢፒፒ ከሚባለው ፎም የተሠራ 1.2 ወይም 1.5 ሜትር ክንፍ ግዙ። ድንጋይ ላይ ወድቆ ይነጥራል፣ ብዙ ጊዜ አንስታችሁ መልሳችሁ ትወረውሩታላችሁ። እዚያም ግን ማጭበርበር አለ፣ ነጩን ፎም ኢፒፒ ብለው ይሸጣሉ። በጥፍራችሁ ጫን አድርጉት። ኢፒፒ ተመልሶ ይሞላል፣ ነጩ ፎም ጉድጓዱ ይቀራል። የማይታይ ቦታ ላይ አንድ ጠብታ ሱፐር ግሉ ብታደርጉ ደግሞ ነጩን ፎም ይበላዋል፣ ኢፒፒን ምንም አያደርገውም።

የሐረሩ ልጅ አሁን በእኔ አሮጌ ፎም ክንፍ እየተለማመደ ነው። ባለፈው ቅዳሜ አሥር ደቂቃ ሳይጥላት አቆያት። እሱም ከቴሌብሩ ማስረጃ ጋር አመልክቷል። በዚያው ፎቶ የተሸወዳችሁ ሌሎች ካላችሁ ወደ ውስጥ ጻፉልኝ፣ ማስረጃችንን አንድ ላይ ብናቀርብ ይሻላል።

ዕቃ አግኝታችሁ ከተጠራጠራችሁ ደግሞ ገንዘቡን ሳትከፍሉ ሻጩን ይዛችሁ ኑ። ቅዳሜ ከ9 ሰዓት ጀምሮ ደንገጎ አፋፉ ላይ ነን። ቴስተርና ትንሽ ካቻቢቴ እኔ ጋ አለ።